የሐሙሱ አውሮፕላን

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ መጥቷል። ይህን ደምለው ሰይድ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ምሳውን በልቶ ወደ ሽመና ክፍል ሊገባ አንድ እግሩን ከደፉ ሲያሳልፍ ድምፁ ከፋብሪካው ጣሪያ በላይ መጣ። ደረቱን ሞቅ አለው። «ገባች» አለ ለራሱ፤ ከዚያ በሩ ከኋላው ተዘጋና የማሽኖቹ ጩኸት ዋጠው።

ሐሙስ ዕለት ወደ ኮምቦልቻ በረራ አልነበረም። ይህን ደግሞ ኡመይማ ባሽር ራሷ ጽፋለታለች። ከሥራ ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት መልእክቷን አገኘው፦ «ዛሬ በረራ የለም። አዲስ አበባ ነው የማድረው። ደክሞኛል፤ ነገ እደውላለሁ።»

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ የቀትሩ አውሮፕላን ሁለተኛ ደወል ነው፤ ሰዓት የሌለው ሰው ምሳ መጨረሱን በእሱ ያውቃል። ጆሮው ዋሽቶት አያውቅም። እሷም ዋሽታው አታውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ደምለው ግን «እሺ፣ ደህና እደሪ» ብሎ መለሰላት። በኋላ የመጣው ሁሉ ያቺን «እሺ» ተከትሎ የመጣ ነው።

ደምለው የሽመና ማሽን መካኒክ ነው። የተወለደው ከደጋን ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ሲሆን፣ አንድ በሬ ያለው ገበሬ ልጅ ነው። ኡመይማ ደግሞ ደሴ ፒያሳ ላይ አያቷ ከየመን መጥተው የከፈቱት የጨርቅ ሱቅ ባለቤት የሐጂ ባሽር ልጅ ናት። የተገናኙት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጠርዙ የተንሻፈፈ አንድ አንሶላ በክንዷ ይዛ ከደሴ ወረደችና የፋብሪካው ቢሮ ገባች። «ይህን የሸመነው ሰው አልጋ የለውም መሰለኝ» አለች። ስለ ማሽኑ እንዲያስረዳ የተጠራው ደምለው ቆሞ ስቆ ቀረ። በእርግጥም አልጋ አልነበረውም፤ የሚተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነበር። በኋላ ይህን ሲነግራት እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ሽማግሌ ወደ መላክ ደረሰ። ለነሐሴ ሁለተኛው እሑድ ተቀጠረ። ከዚያ በፊት ግን አባቷ ዑምራ እንድታደርግ ፈለጉና አሥራ ሁለት ቀን ወደ መካ ሄደች። «ብቻሽን?» ብሎ ሲጠይቃት «የሚያጅበኝ መሕረም አለኝ፣ አትስጋ» አለችው። ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። የእናቷ ወንድም ይሆናል ብሎ ለራሱ ወሰነ።

ከጅዳ ስትደውል ታስቀው ነበር። «የኛ አውሮፕላን እኮ ከዚህ ተነስቶ በናንተ ሰማይ አልፎ ነው አዲስ አበባ የሚወርደው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ተሳፍሬ ወደ ኋላ ወደ ናንተ። በሩን ቢከፍቱልኝ ደሴ ላይ እዘል ነበር።» ስልኩን ከዘጋ በኋላ የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ስም ጽፎ ፈለገ። አንድ ድረ ገጽ ካርታ ላይ ቀጭን ቀጥታ መስመር አሰመረለት፦ ከኮምቦልቻ እስከ ጅዳ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ ሁለት ሰዓት የማይሞላ። ያቺን ቁጥር ወደዳት። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሥር ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ «ሁለት ሰዓት እንኳ አትርቅም» ይል ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ድምጿ የተሰበረ ነው።

«መቼ?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ። ወላሂ እንዴት እንደደከመኝ።»

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ከከሊድ ጋር ነዋ፣ ያጎቴ ልጅ። መሕረሜ እሱ አልነበር?»

ደምለው ከሊድን በስም ያውቀዋል፤ ጅዳ የሚነግደው፣ በየዒዱ ሽቶ የሚልክላት።

«እሑድ አትርሳ እንግዲህ» አለች። «አባን አሰናድቼዋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የማሽን ዘይት የነካካውን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ልጅ ሳለ መድረሳ ተምሯል። አንዲት ሴት ከማን ጋር መጓዝ እንደምትችል ኡስታዙ በቃል አስጠንተውታል፦ አባት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አጎት፣ ባል። የአጎት ልጅ የለበትም። የአጎት ልጅ ሊያገባት ይችላል፤ ሊያገባት የሚችል ሰው ደግሞ መሕረም አይሆናትም። ታዲያ ከሊድ መሕረሟ የሆነው ምን ሆኖ ነው? ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቀረለት፤ የመጨረሻው።

ባይማር ኖሮ አይቃጠልም ነበር።

ያቺ የወደዳት ቁጥር በዚያ ቀን ከፋችበት። ከጅዳ የተነሱት ለሐሙስ አጥቢያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ኮምቦልቻ የገባችው ዓርብ ስድስት ሰዓት። ሠላሳ አራት ሰዓት። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው። የቀረው ሠላሳ ሁለት ሰዓት የት ገባ? በልቡ አንድ ሆቴል ሠራላቸው፤ መጋረጃ ሰቀለለት፤ ከሊድን አስገባበት። የቀናተኛ ልብ ግንበኛ ነው፤ ሲሚንቶም አሸዋም አይፈልግም።

ቅዳሜ መሕሙድን አገኘው። መሕሙድ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ደሴ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ የደምለውንና የኡመይማን ነገር አያውቅም።

«ትናንት የሐጂ ባሽርን ልጅ አመጣኋት» አለ ጎማውን እየረገጠ። «ከአንድ ቁመናው ከሚያምር ሰውዬ ጋር። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ትከሻው ላይ ተኝታ ነው የሄደችው። እሱም ነጠላውን ደርቦላት ንቅንቅ አላለም።»

«ወንድሟ ይሆናል» አለ ደምለው።

«የሐጂን ወንዶች ልጆች ሁሉ አውቃቸዋለሁ እኮ። ኒካሕ አስረው ነው የመጡት መሰለኝ። ሀብታም ሁልጊዜ በጓዳ ነው የሚድረው።»

ደምለው በዚያው ለጋሽ ብሩ ደወለ። ጋሽ ብሩ በጡረታ የወጡ የፋብሪካው ፎርማን ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። «የነገው ይቅር፣ ጋሼ» አላቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አልነገራቸውም። ስልኩን እያነሳ እያስቀመጠ እሑድ ጠዋት ሆነ፤ ከዚያ እሑድ ከሰዓት ሆነ። የኡመይማ ስም ስልኩ ላይ ሲበራ በግንባሩ ደፋው። በዝምታው እየቀጣት ያለ መሰለው፤ ቅጣቱ ግን እሱንም አላሳረፈውም።

* * *

ሰኞ መሕሙድ በፋብሪካው በር ቆሞ የታሸገ ፖስታ አቀበለው። ፊቱ እንደ ቅዳሜው አልነበረም። «ልጅቷ ራሷ ናት ያቀበለችኝ» አለ። «አንተ መሆንህን ባውቅ ኖሮ አፌን እይዝ ነበር፣ ወንድሜ።»

ደብዳቤው በእጅ የተጻፈ ነው።

«ደምለው፣

አባቴ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ተቀመጠ። እናቴ እግሯን እንደምታማት ታውቃለህ፤ ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ወጥታ መንገዱን አየች። ሁለት ጎረቤት ለምስክር ተጠርተው ነበር። እነሱም መጀመሪያ ያወሩ ነበር፣ በኋላ ዝም አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ተነሳና ጀለቢያውን አወለቀ። ሱቁን እከፍታለሁ ብሎ ወጣ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ታመህ እንደሆነ ብዬ ስምንት ጊዜ ደወልኩ። የሞተ ሰው ስልክ እንኳ አንድ ሰው ያነሳዋል።

አሁን ፒያሳ ላይ ምን እንደሚባል ልንገርህ? ‹አንድ ነገር ቢያገኙባት ነው የቀሩት› ነው የሚባለው። እኔም ራሴን እየጠየቅሁ ነው። ምን አገኘህብኝ?

ረቡዕ ከከሊድ ጋር ወደ ጅዳ እመለሳለሁ። አባቴ ነው ያሰበው፤ እኔም እምቢ አላልኩም። አክስቴ ዘንድ እቀመጣለሁ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልተባለም።

ኡመይማ»

ከዚያ ሁሉ መስመር ውስጥ የደምለው ዓይን የተቸነከረው አንድ ቦታ ላይ ነበር፦ ከከሊድ ጋር። አባትየው በሦስት ሰዓት ውስጥ የጠጡትን ውርደት አላየም። የእናትየውን እግር አላየም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ማሽኑ ሥር ገባ። ከዚያ ሆኖ ነው የእናትየው እግር ትዝ ያለው። መፍቻው ከእጁ ወደቀ፤ ለማንሳትም አልቸኮለም።

* * *

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ከአቤ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አቤ በአንድ ማሽን ላይ አብሮት የሚሠራ ባልደረባው ነው። የክረምቱ ደመና ከሐረጎ ወርዶ ጋራዎቹን እስከ ወገባቸው ሸፍኗል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። ደምለው ሳያስበው ቀና አለ። ምንም አይታይም። ድምፁ ከጣሪያው በላይ አለፈ፣ ወደ ባቲ መንገድ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ፣ አንዴ ደግሞ ዞረ። ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ጠፋ።

«ዛሬም ደመናው መለሰው» አለ አቤ እንጀራውን እየጠቀለለ። «እንደ ሐሙሱ።»

«የቱ ሐሙስ?»

«ያለፈው ነዋ። እህቴ እንግዳ ልትቀበል ሄዳ ሦስት ሰዓት በዝናብ ተመትታ ተመለሰች። ሁለቴ ዞሮ፣ ማረፊያውን ደመና ሸፍኖበት፣ ተሳፋሪውን እንደያዘ አዲስ አበባ ተመለሰ። አልሰማህም እንዴ?» አቤ ትንሽ አሰበ። «እ፣ አንተ ቀድመኸኝ ገብተህ ነበር። እዚያ ውስጥ እንኳን አውሮፕላን የራስህ ሳልም አይሰማህም።»

ደምለው የሰማው እውነት ነበር፤ ግን ግማሹን ነበር። መምጫውን ሰምቶ መመለሻውን በማሽን ጩኸት ውስጥ አሳልፎታል። እሷም የጻፈችው እውነት ነበር። ተመልሰው ሲወርዱ «ዛሬ በረራ የለም» ተብለው ይሆናል፤ እሷም የተባለችውን ጻፈች።

«ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ» አለ አቤ።

«አንድ ነገር አበላሽቻለሁ።»

«ማሽን?»

«ማሽን ቢሆን እጠግነው ነበር።»

ፎርማኑን አስፈቅዶ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከልቡ ግማሽ ድንጋይ የወረደለት መሰለው። ግማሹ ግን እዚያው ነበር። አውሮፕላኑ ተመልሷል፣ እሺ። ትከሻውስ? መሕረሙስ? ይቅርታ ሊጠይቅ እየሄደ፣ መንገድ ላይ ሆኖ አሁንም ይቀና ነበር።

* * *

ፒያሳ ሲደርስ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ካፌ በረንዳ አንድ ሰው እጁን አነሳ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጢሙን ያሳመረ፣ የብር ሰዓት ያሰረ ሰው ነው። ሽቶው ከወንበሩ ቀድሞ ይደርሳል። ደምለው ያንን ሽቶ ያውቀዋል፤ ከኡመይማ ሻሽ ላይ።

«ደምለው ነህ አይደል? ፎቶህን አሳይታኛለች። በፎቶው ግን ትስቃለህ።» ወንበር ሳበለት። «ከሊድ እባላለሁ። ተቀመጥ፣ ሻይ ይምጣልህ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ቆመህ ከተጣላኸኝ ሰው ይሰበሰባል። ተቀመጥና ተጣላኝ።»

ደምለው ተቀመጠ። ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት። «አንተ የኡመይማ አጎት ልጅ ነህ» አለ።

«ነኝ።»

«የአጎት ልጅ መሕረም አይሆንም።»

ከሊድ ስኳሩን ማማሰል ተወና አየው። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ። «መድረሳ ተምረሃል ማለት ነው» አለ።

«ተምሬያለሁ።»

«ኡስታዝህን አላህ ይማራቸው፣ በደንብ አስጠንተውሃል። ግን ዝርዝሩ በደም ብቻ ያልቃል እንዴ? በጡትስ የለም?»

አስተናጋጁ የደምለውን ሻይ አስቀምጦ ሄደ።

«እኔ ስወለድ እናቴ ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኛች። አራት ወር። ያን ጊዜ የኡመይማ ታላቅ ወንድም ገና ጨቅላ ነበር። እናቷ እመት ጀሊላ አንዱን ጡት ለእሱ አንዱን ለእኔ ሰጥተው አሳደጉን። ስለዚህ ኡመይማ ስትወለድ እህቴ ሆና ነው የተወለደችው። ላግባት ብል ሸሪዓው አይፈቅድልኝም። ላግባትም አልልም፤ ጅዳ ላይ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የኡመይማን ቁጣ ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ጠየቅሃት?»

በመንገዱ ባጃጆች እየተጋፉ ያልፋሉ። ደምለው ሻዩ ውስጥ የሚፈልገው ነገር ያለ ይመስል ብርጭቆውን ያየዋል። «ትከሻህ ላይ ተኝታ ነበር አሉኝ» አለ በመጨረሻ፤ ሲናገረው ራሱ አፈረ።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለ ከሊድ። ከዚያ ድምፁ ለሰለሰ። «ስማኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሐሙስ ዕለት አውሮፕላኑ በናንተ ላይ ሲዞር ደመናው ለአንድ አፍታ ተከፈተ። የፋብሪካችሁን ጣሪያ አየችው። ‹ያውልህ፣ እዚያ ነው ያለው፣ እዚያ ሥር› እያለች መስኮቱን በጣቷ ትነካለች። ከዚያ ደመናው ተዘጋና አውሮፕላኑ ተመለሰ። አዲስ አበባ እስክንወርድ አለቀሰች። እኔ ትልቅ ሴት በደመና ምክንያት ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ሌሊቱን ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ እናቴ ቤት ቁጭ ብላ እሑድ የምትለብሰውን ቀሚስ ስታስተካክል አደረች። እንግዲህ ዓርብ ትከሻዬ ላይ ብትተኛ ይፈረድባታል?»

ሆቴሉ ፈረሰ። መጋረጃው፣ ግድግዳው፣ በውስጡ ያስገባው ሰው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈረሰ። በቦታው መርፌ የያዘች አንዲት ልጅ ቀረች። ደምለው ይህን ሳይሰማ ቢቀር ኖሮ ይሻለው ነበር፤ በቅናት መቃጠል ከዚህ ይቀላል።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«እኔን አትጠይቀኝ። ነገ እጇን ይዤ የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ሱቁ ያው፣ መንገዱን መሻገር ነው።»

* * *

ሐጂ ባሽር ከጠረጴዛው ኋላ ብትን ጨርቅ በክንዳቸው እየለኩ ነበር። አግዳሚው ላይ ሁለት ሽማግሌ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ኡመይማ ከውስጥ በኩል ጀርባዋን ሰጥታ ጨርቅ ታጥፋለች። ድምፁን ስትሰማ እጇ ቆመ፤ አልዞረችም።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አሉ ሐጂ ባሽር ቀና ሳይሉ። «ምን ልስጥህ? አንሶላ ነው?»

«ልገዛ አይደለም የመጣሁት፣ ሐጂ።»

«እዚህ የሚሸጠው ጨርቅ ብቻ ነው።»

ከሁለቱ ነጋዴዎች አንደኛው ነገሩ ገብቷቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ ደምለው ወደ እሳቸው ዞረ። «አይሂዱ፣ አባቴ። እሑድ ለምስክር የተጠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ ዛሬም ምስክር ሁኑልኝ።»

ሽማግሌው ሐጂ ባሽርን አዩ። ሐጂ ባሽር አልከለከሉም። ተመልሰው ተቀመጡ።

«እሑድ የቀረሁት በልጅዎ ላይ አንዲት ነገር አግኝቼባት አይደለም» አለ ደምለው። «ፒያሳ ላይ የሚወራውን ሰምቻለሁ። የሚያወሩት ስለ እሷ ነው፤ መወራት የነበረበት ስለ እኔ ነው። ቀናሁ። ከከሊድ ጋር መምጣቷን ሰማሁና ቀናሁ። ጡት የተጋራ ወንድሟ መሆኑን ሳልጠይቅ በልቤ ባል አደረግሁት። ከጅዳ እስከዚህ ያለውን ሰዓት ቆጥሬ የጎደለውን በገዛ ራሴ ክፋት ሞላሁት። ሽማግሌዎቹን ያስቀረሁ እኔ ነኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ያልነገርኩም እኔ ነኝ። እርስዎ ሦስት ሰዓት በር ከፍተው የጠበቁት አንድ ፈሪ ሰው ነው። አፉ በሉኝ።»

ሐጂ ባሽር ጨርቁን ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አባቶች» አሉ። «እኔ ይህን ተረት ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያንተ ግን ገረመኝ። ቃሉን ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ነገ የምትጠፋብኝ የእኔ ልጅ ናት።»

ደምለው አንገቱን ደፋ።

«አባ» አለች ኡመይማ። «እኔ ላናግረው።»

ዞረች። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ ልቅሶው ግን አልቋል። ለሁለት ሳምንት ያላየውን ፊት እንዲህ ሆኖ አገኘው፤ ሊጠጋ አልደፈረም።

«ሰዓት ቆጠርክ?» አለችው።

«ቆጠርኩ።»

«ስንት ጎደለብህ?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«በምን ለካኸው?»

«ስልኬ ላይ። ከማረፊያው እስከ ማረፊያው ሁለት ሰዓት አይሞላም ይላል።»

«ቀጥታውን ነዋ የለካኸው» አለች። «በቀጥታው ላይ የሚበር አውሮፕላን የለም፣ ደምለው። እኔ በአንተ ጣሪያ ላይ አልፌ ሄድኩ፣ በአንተ ጣሪያ ላይ ተመልሼ መጣሁ፣ እንደገና ደግሞ ዞሬ ሄድኩ፣ ዓርብ ደግሞ መጣሁ። አራት ጊዜ ነው በላይህ ያለፍኩት። ወደ አንድ ሰው መምጣት እንዲህ ነው። መስመሩን ካርታ ላይ ማስመር ቀላል ነው።»

«አሁን ገብቶኛል።»

«አሁንማ ከሊድ ነገረህ። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ኖሮ በአንድ ቃል እመልስልህ ነበር። ተቆጥተህ ብትጠይቀኝ እንኳ፣ ሰድበኸኝ ብትጠይቀኝ እንኳ። አንተ ግን ዝም ብለህ ፈረድክ። ፍርዱን ያነበብከው ደግሞ በአባቴ ላይ ነው።»

«እውነት ነው» አለ። ሌላ ሊለው የሚችለው ብዙ ነበር፦ ስለ ሽቶው፣ ስለ ሰዓቱ፣ አንድ በሬ ያለው ሰው ልጅ ሀብታም ፊት ሲቆም ልቡ እንዴት እንደሚጠረጥር። አንዱንም አላለም። እውነት ናቸው፤ ምክንያት ግን አይሆኑም።

ኡመይማ አየችው። ሰበብ እየጠበቀች ነበር፤ ሰበብ ባለመምጣቱ ፊቷ ላይ ሊለሰልስ የፈለገ፣ ግን ገና ያልተፈቀደለት ነገር አለፈ። ከሊድ በሩ ላይ ደርሶ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ ነገ አልሄድም።»

«ለዚህ ብለሽ?» አሉ ሐጂ ባሽር።

«ለእሱ ብዬ አይደለም። ነገ ብሄድ ፒያሳ ‹ሰደዷት› ይላል፤ የተሰደደ ሰው ደግሞ ጥፋት ይፈለግለታል። እኔ ጥፋት የለብኝም። ጅዳ የምሄድ ከሆነም ወድጄ እሄዳለሁ እንጂ ከወሬ ሸሽቼ አልሄድም። ከሊድ፣ አፉ በለኝ፣ ብቻህን ትመለሳለህ።»

«አብሽሪ» አለ ከሊድ። «ትከሻዬ ያርፋል።»

ማንም አልሳቀም፤ የሐጂ ባሽር ጢም ጫፍ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ኡመይማ እንደገና ወደ ደምለው ዞረች። በዚያ አንድ እይታ ውስጥ አንሶላ ይዛ ቢሮ የገባችው ልጅም፣ በደመና ቀዳዳ ጣሪያ የፈለገችው ልጅም፣ እሑድ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የጠበቀችው ልጅም ነበሩ፤ ሦስቱ ገና አልተስማሙም።

«እሑድ ስምንት ሰዓት ሽማግሌዎችህ ይምጡ» አለችው። «ጋሽ ብሩም ይምጡ፣ እነዚህ ሁለት አባቶችም ይገኙ፤ አንተም አብረህ ና፣ ያልከውን በእናቴ ፊት ትደግመዋለህ። አባ በሩን ይከፍትልሃል። መልሱን ግን አባ አይሰጥም፣ ከሊድም አይሰጥም። ምን እንደምል ዛሬ እኔም አላውቀውም። ያን ቀን ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ አፌ፣ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።»